8 ለ 0 የመራም ተሸንፏል፦ ስለ ስኑከር ፍጻሜ ግምት የጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ከጓደኞቼ ጋር በየዓመቱ የስኑከር (በጠረጴዛ ላይ ኳሶችን በዱላ እየመቱ ወደ ኪስ የማስገባት ጨዋታ) የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜን እንገምታለን። እኔ መጀመሪያ ስምንቱን ፍሬም (አንዱ ፍሬም አንድ ዙር ጨዋታ ነው) አይቼ የሚመራውን እመርጣለሁ፤ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ቸኩለሃል ወንድሜ። እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ፣ ክሩሲብል ቲያትር ውስጥ የሚደረገው ይህ ፍጻሜ እኮ ቢበዛ 35 ፍሬም አለው፤ ቀድሞ 18 የሞላ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት 8 ፍሬም፣ ማታ 9 ፍሬም፣ በማግስቱ ከሰዓት 8 ፍሬም፣ ከዚያ የቀረው ይጫወታል። አንተ ስትወስን ሩቡ እንኳ አላለቀም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ስቲቭ ዴቪስ ዴኒስ ቴይለርን 8 ለ 0 ሲመራ ያን ጊዜ የሚገምት ሰው ሁሉ ምን እንደሚል አስበው። ግን ቀስ በቀስ ተቀራረቡና 17 ለ 17 ሆኑ፣ የመጨረሻውም ፍሬም እስከ መጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ድረስ ሄደ፣ እሷን ያስገባው ቴይለር ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ቴይለር የመራው ያኔ ብቻ ነው! ብሪታንያ ውስጥ 18.5 ሚሊዮን ሰው እኩለ ሌሊት አልፎ እንኳ ሳይተኛ አይቶታል።

እሱ አንዴ የሆነ ነገር ነው እንዳትለኝ። በ1992 ጂሚ ዋይት 14 ለ 8 እየመራ ስቲፈን ሄንድሪ 10 ፍሬም በተከታታይ ወሰደበት። ማርክ ሴልቢ ደግሞ በ2014 ከሮኒ ኦሱሊቫን ጋር 10 ለ 5፣ በ2017 ከጆን ሂጊንስ ጋር 10 ለ 4 እየተመራ ሁለቱንም አሸንፏል። ለምን እንዲህ ይሆናል ካልከኝ፣ ስኑከር ውስጥ ተጋጣሚህ ኳስ እያስገባ እስከቆየ ድረስ አንተ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ ከማየት ሌላ ምንም ማድረግ አትችልም፤ ያ መቀመጥ እጅን ያቀዘቅዛል፣ ሐሳብንም ያበላሻል። ከዚያ እረፍት ይመጣል፣ ሌሊቱ ያልፋል፣ ትናንት እሳት የነበረው ሰው ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። እኔ የመጀመሪያው ቀን 17 ፍሬም ሳያልቅ አልገምትም። ያኔም ልዩነቱ ከአራት ካነሰ ጨዋታው ገና ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የዓለም ደረጃን ብቻ አይቶ ይመርጣል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ደረጃ ስለ ዓመቱ ይነግርሃል፤ ስለዚያ ሳምንት ግን ብዙም አይነግርህም። በ2025 ዣኦ ሺንቶንግ ከማጣሪያ ተነስቶ፣ ያውም በአማተርነት ተመዝግቦ፣ በግማሽ ፍጻሜ ኦሱሊቫንን 17 ለ 7፣ በፍጻሜ ማርክ ዊልያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ የመጀመሪያው ቻይናዊ ሻምፒዮን ሆነ። ሻውን መርፊም በ2005 ከማጣሪያ መጥቶ ነው ያሸነፈው።

ለጓደኛህ አንድ ነገር ንገርልኝ፤ ተጫዋቹ ወደ ፍጻሜው እንዴት እንደመጣ ይይ። ግማሽ ፍጻሜው ራሱ 17 ፍሬም ማሸነፍ ይጠይቃል፣ ቅዳሜ ማታ ያልቃል፣ እሑድ ደግሞ ፍጻሜው ይጀመራል። በ2023 ሴልቢ ማርክ አለንን ያሸነፈው እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ በዚያው ቀን ከሰዓት ከሉካ ብሬሴል ጋር ፍጻሜ ገባ። ፍጻሜው ላይ 147 መታ (ኳሶቹን ሁሉ በአንድ ተራ አስገብቶ የሚገኝ ከፍተኛው ነጥብ ነው)፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያው ነው፤ ግን 18 ለ 15 ተሸነፈ። ብሬሴል እኮ ከዚያ ዓመት በፊት ክሩሲብል ላይ አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም! በግማሽ ፍጻሜውም 14 ለ 5 እየተመራ ነው ተመልሶ ያሸነፈው። እንዲህ ያለ ሰው ፍጻሜ ላይ ቢመራ ባይመራ አይደነግጥም፤ ይህን የትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ አያሳይህም።

ጥያቄ፦ «የክሩሲብል እርግማን» የሚባለውን በግምት ውስጥ ላስገባው?

መልስ፦ ውድድሩ በ1977 ወደዚያ ከሄደ ጀምሮ እስከ 2025 ድረስ፣ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ ሰው በማግስቱ ዓመት ዋንጫውን አስጠብቆ አያውቅም። ፍጻሜ እንኳ የደረሱት ጆ ጆንሰንና ኬን ዶኸርቲ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ከፍጻሜው በፊት ያልቃል፤ አትጨነቅበት።

ጥያቄ፦ አሸናፊውን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ውጤቱን የመታ ነው እኛ ጋር የሚያሸንፈው። ምን ልጻፍ?

መልስ፦ 18 ለ 17 ብለህ አትጻፍ። ደስ ይላል፣ ግን ከ1977 እስከ 2025 የታየው ሦስቴ ብቻ ነው፤ 1985፣ 1994 እና 2002። ከ2022 እስከ 2025 ያሉትን አራቱን ተመልከት፦ 18 ለ 13፣ 18 ለ 15፣ 18 ለ 14፣ 18 ለ 12። እኔ ሁለቱ ተመጣጣኝ ከመሰሉኝ 18 ለ 14 ነው የምጽፈው። አንዱ ደክሞት ከመጣ 18 ለ 9 ማለት አልፈራም፤ ጁድ ትራምፕ በ2019 ሂጊንስን በዚሁ ውጤት ነው የረታው።

ጥያቄ፦ የምወደው ተጫዋች ፍጻሜ ከገባ ሌላውን መምረጥ አልችልም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ምረጪው። የጂሚ ዋይት ደጋፊዎች ስድስት ፍጻሜ እሱን መርጠው ስድስቱንም አልቅሰዋል። በ1994፣ በልደቱ ቀን፣ 17 ለ 17 ሆኖ ቀላል የምትመስል ጥቁር ኳስ ሳተ፣ ሄንድሪ ተነስቶ ጨረሰው። ያኔ ሄንድሪን የመረጠ ሰው ግምቱ ሠምሮለታል። የዋይት ደጋፊ ግን ያቺን ኳስ ዛሬም ያያታል፣ አሁንም ገብታ ቢሆን ይላል። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ፣ ሌላ ልመርጥ ኖሮ ብዬም አላውቅም።