ድድሽ ስለደማ ቡሩሹን አትተዪው

እህቴ፣ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል፣ ለጊዜው ልተወው ወይ? ጥርስ ማሳጠብ ያነቃንቃል የሚባለውስ እውነት ነው?» ላልሽው፣ በሁለቱም አልፌበታለሁና ልንገርሽ። መቼም ያንቺም እንደኔው ነው። ጠዋት ስትተፊ ምራቅሽ ይቀላል፣ ሕመም ግን የለም። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ነው።

1ኛ. መቦረሹን እንዳታቆሚ። ድድሽ የሚደማው ቆሻሻ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ስላስቆጣው ነው፤ ብትተዪው ይብሳል። ለስላሳ ቡሩሽ ግዢ። ጸጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብለሽ ቀስ እያልሽ አሽከርክሪው፣ እንደ ድስት አትፈትጊው። ጠዋትና ማታ 2 ደቂቃ። የማታውን በምንም አትዝለይው! ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፣ ስትጨርሺ ትፊውና በውሃ አትጉመጥመጪ። መፋቂያ ከወደድሽ አልከለክልሽም፤ በጥርስ መሃል ግን እሱ አይገባልሽም፤ እዚያ የጥርስ ክር ተጠቀሚ።

2ኛ. ማሳጠብ። ቆሻሻው ሲቆይ ይደድራል፣ ከደደረ በኋላ በቡሩሽ አይነሳም። የታችኞቹን የፊት ጥርሶችሽን ጀርባ በምላስሽ ዳብሺው። ከሻከረሽ እሱ ነው።

እኔም ይሄንኑ ላስነሳ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስልኳን እንኳ ሳትዘጋ «ነቀላ ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ አፌን አየት አድርጎ «ይቺ መንጋጋ ትነቃነቃለች፣ እናውጣት» አለ። ራጅ የለ፣ ምን የለ! የመጣሁት ለማሳጠብ ነው ስለው «ከታጠበማ ጭራሽ ይላላል» አይለኝም! ሐኪም እኮ ነው። የካርዱን ብር ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሌላ ቦታ ያገኘኋት ሐኪም መጀመሪያ ራጅ አስነሳችኝ። በቀጭን ብረት በድዱና በጥርሱ መሃል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ለካች፣ ከዚያ አጠበችኝ። የወጣው ቡናማ ፍርፋሪ ያሳፍራል። መንጋጋዬ ግን ይኸው ዛሬም አለች፤ ቆሎ እቆረጥምባታለሁ።

ወሬው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? የደደረው ሲነሳ ተደፍኖ የነበረው ክፍተት ይገለጣል፣ ያበጠው ድድም ይሸሻል። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዝሻል። ያኔ ሰው «አላልኩም? አነቃነቁት» ይላል። ጥርስን የሚያነቃንቀው ግን የድድ በሽታው ራሱ ነው፤ ቆይቶ የተሸከመውን አጥንት ይበላዋል።

እናትሽ ድዳቸውን የተነቀሱ ከሆነ እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ። የተነቀሰ ድድ ቢቆጣ እንኳ መቅላቱ አይታይም።

3ኛ ስለ ስኳር ልጽፍ ነበር፣ በንዴት ረዘመብኝ። ባጭሩ፣ ጣፋጭ ማኪያቶ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት ከምትዪ ባንዴ ጠጥተሽ ጨርሺው።

ስኳር በሽታ ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪ፣ ሁለቱም ድድ ያስቆጣሉ። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ራጅ እንዳላቸው ጠይቂ። የኔዋን ሐኪም አድራሻ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ሳትቀጥሪ ግን እንዳትሄጂ፣ ወረፋዋ አይጣል ነው።