ወደ ሥልጠና ባዶ እጃችሁን አትሂዱ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በሒሳብ ምርመራ ሙያ 33 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተዘጋጁ ሥልጠናዎችና ውይይቶች ላይ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ፤ አንዳንዴ እንደ ሠልጣኝ፣ አንዳንዴም ስለ ሙያ ሥነ ምግባር እንድናገር ተጋብዤ። ለማወቅ ያላችሁን ጉጉት ሳይ ደስ ይለኛል። ከአዳራሹ ስትወጡ ግን በእጃችሁ የምስክር ወረቀት፣ በስልካችሁ ደግሞ ከግድግዳው ላይ ያነሳችኋቸው አርባ ፎቶግራፎች ብቻ መኖራቸው ይቆጨኛል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ቁጭት ነው።

ዘመድ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም ተብለን ነው ያደግነው። ወደ ሥልጠናም አይኬድ እላለሁ። ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ነገር ነው፤ በገዛ እጃችሁ ሠርታችሁ የጨረሳችሁትና መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ሥራ።

እንዲህ ያለውን ግርግር ከዚህ በፊትም አይቻለሁ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በአገራችን በተስፋፋበት ጊዜ በየሰፈሩ ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሥራ ፈላጊው ሁሉ በማመልከቻው ላይ ፒችትሪ እንደሚችል ይጽፍ ነበር። ለፈተና አስቀምጠን፣ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ የተመለሰ ቼክ እንዴት እንደሚመዘገብ ስንጠይቀው፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን አሳምሮ ይነግረናል፤ ዴቢቱንና ክሬዲቱን መለየት ግን ያቅተዋል። በሶፍትዌሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። እነዚያ ልጆች የሠለጠኑት በምሳሌ ድርጅት፣ በምሳሌ ቁጥር፣ ሁሉም ነገር በሚገጥምበት መዝገብ ላይ ነበር። እውነተኛ መዝገብ ተከፍቶ ሁሉም ሲገጥም ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ብትጠይቁኝ በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠናም ያንኑ ይመስል ነበር። አሠልጣኙ አንደበተ ርቱዕ ነው። ሲጠየቅ በጽሑፍ የሚመልሰውን ማሽን የሹመት ደብዳቤ አስጻፈው፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አሳጠረው፣ ግጥምም አስገጠመው። ሁሉም ሠመረለት። ቀኑን ሙሉ አንድም ያልሠመረ ነገር አላሳየንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ምሳ በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተለያየን።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። አሠልጣኟ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ባለሙያ ናት። ከሳምንት በፊት በላከችልን መልእክት፣ እያንዳንዳችን የጨረስነውን አንድ ሥራ፣ ከአለቃ ወይም ከደንበኛ ፈቃድ ጠይቀን፣ ስምና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አጥፍተን እንድናመጣ አዘዘችን። እኔ የወሰድኩት የአንድ ድርጅት የ2016 በጀት ዓመት የ240 የክፍያ ቫውቸሮች፣ ማለትም የክፍያ ማረጋገጫ ሰነዶች፣ ዝርዝር ነው። የድርጅቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀብዬ፣ የአቅራቢዎቹን ስም በቁጥር ተካሁት። ዝርዝሩን ከወራት በፊት አንድ በአንድ መርምሬ ፈርሜበታለሁ፤ እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት።

በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ደረሰኝ ካለ እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት አወጣ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሪፖርቴ ውስጥ አለ። ሁለተኛውን አላየሁትም ነበር። የደረሰኙ ቁጥር አንድ ቦታ 00417፣ ሌላ ቦታ 417 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። ዓይኔ አልፎታል። በማግሥቱ ለድርጅቱ ደውዬ ስህተቱን ነገርኳቸው፤ ገንዘቡም ከአቅራቢው ተመለሰ። ስለዚህ ይህን ነገር አትንኩት ከሚሏችሁ ሽማግሌዎች ወገን አይደለሁም።

ቀጥዬ ከበጀት ዓመቱ ውጭ የዋሉ ክፍያዎች እንዳሉ ጠየቅሁት። ዓመቱን ከ1/11/2015 እስከ 30/10/2016 ብዬ ሰጠሁት፤ ማለትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። አሥራ አንድ ቫውቸሮች አወጣና የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት የተከፈሉ ናቸው፣ ከባድ ግኝት ነው፣ ኃላፊዎቹ ማብራሪያ ሊጠየቁ ይገባል ሲል ጻፈ። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ልምድ ያለው ኦዲተር የጻፈው ይመስላል። ቫውቸሮቹን ስመለከት ግን አሥራ አንዱም የጳጉሜን ናቸው። 3/13/2015 የሚለውን፣ እኛ ጳጉሜን 3 ብለን የምናነበውን፣ ማሽኑ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለማይጠብቅ ቁጥሮቹን ገልብጦ ማርች 13 ቀን 2015 ብሎ አነበበው። ትክክለኛው ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ነበር። የሌሎቹን ወሮች ቀኖችም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያነበባቸው፤ ነገር ግን ገደቡንም በዚያው መልክ ስላነበበው በአብዛኛው ውስጡ ወደቁና ስህተቱ ተሸፈነ። ያጋለጠችው ጳጉሜን ብቻ ናት።

እነዚያን አሥራ አንድ ክፍያዎች የፈጸመችው አንዲት ገንዘብ ያዥ ናት። ሥራዋ የጠራ ሰው ናት፤ መዝገቧን ስመረምር አውቃለሁ። ያ ግኝት ሳይጣራ ሪፖርት ውስጥ ቢገባ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚደርሰው ለእሷ ነበር። ይህንን ሳስብ አሁንም ደስ አይለኝም። ልብ በሉ፣ 417 ቁጥር ደረሰኝን ያገኘውና ገንዘብ ያዥዋን ሊያስወነጅል የነበረው ያው ማሽን ነው፤ ሁለቱንም የነገረኝ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ነው። ሥራውን ቀድሜ ባላውቀው ኖሮ ሁለቱንም አምን ነበር፣ ወይም ሁለቱንም እጥል ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን አሠልጣኟ በሚገባ አስረዳችን። እነዚህ ማሽኖች ካነበቡት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። ካነበቡት ውስጥ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። ፊደላችን ራሱ ይከብዳቸዋል፤ በኢንተርኔት ላይ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ሲይዝ «ሀ» ሦስት ባይት ትይዛለች። ማሽኖቹ ጽሑፍን የሚያነቡት ቆራርጠው ስለሆነ፣ በዚህ የተነሳ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በበዙ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ ክፍያው በቁርጥራጭ ብዛት በሚታሰብበት አገልግሎት ዋጋውም ይጨምራል። ጳጉሜን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑ፣ እነዚህን ከውጭ አገር የመጣ አሠልጣኝ ሊነግራችሁ አይችልም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አዲስ አበባ የተወለደችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችውን ጥናት አስታውሱ። ሁለቱ ሴቶች የፊት ፎቶግራፍ አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ሥርዓቶች ሊፈትኑ ሲነሱ በኩባንያዎቹ ማስታወቂያ አልተወሰኑም። ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት 1,270 ፎቶግራፎች ሰብስበው፣ የእያንዳንዱን መልስ አስቀድመው አውቀው ነው የቀረቡት። ስህተቱ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። እኔ በ240 ቫውቸር ያደረግሁትም በመጠኑ ያንኑ ነው፤ እናንተም በሃያ ወረቀት ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ስለ ፊርማ ደግሞ ጥቂት ልበል። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች በአንድ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ቻትጂፒቲ የተባለው እንዲህ ያለ ማሽን የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቀረቡ። አንደኛው ጠበቃ ተጠራጥሮ ውሳኔው እውነተኛ ስለመሆኑ መልሶ የጠየቀው ያንኑ ማሽን ነበር፤ ማሽኑም እውነተኛ ነው አለው። ዳኛው በጠበቆቹና በድርጅታቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ቻትጂፒቲን ማንም አልቀጣውም፤ ሰነዱ ላይ የፈረመው ሰው ነውና። በእኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ሲል አይቻለሁ። ወጣት ባልደረባዬ ከደመወዝ ግብር ነጻ የሚሆነው የወር ገቢ ስንት እንደሆነ ማሽኑን ጠየቀችው፤ 600 ብር አላት። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 እርግጥ 600 ብር ነበር፤ በ2017 በወጣው ማሻሻያ ግን 2,000 ብር ሆኗል። ነጋሪት ጋዜጣውን ገልጣ ባታይ ኖሮ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች በሙሉ ያለ አግባብ ይቆረጥባቸው ነበር። ሕግ የምታረጋግጡት ከሕጉ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

አንድ ሌላ ነገር እስካሁን ያሳስበኛል። በአንድ ሥልጠና ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በተግባር ልምምዱ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር እንዳለ ወደ አንድ ነጻ አገልግሎት ጫነው። የሰዎቹ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከማን ደመወዝ ላይ ለፍርድ ቤት ዕዳ እንደሚቆረጥ ጭምር። ክፋት አልነበረውም፤ ማንም ስላልነገረው ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ ከእጅ የወጣ ፋይልም እንዲሁ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፣ የሕግም ነው። የሰውን ደመወዝ የምናውቀው ታምነን ነው። አሠልጣኙን ፋይሉ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ልምምዱን በባዶ ቅጽ ላይ አድርጉ።

አብዝቼ የማስብበት ጉዳይ ግን የጀማሪ ሥራ ነው። ቫውቸር ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር፣ የባንክ ማስታረቂያ መሥራት (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማነጻጸር)፣ ዝርዝር መደመር፣ እነዚህ አሰልቺ ሥራዎች ወደ ማሽኑ እየሄዱ ነው። እኔ ግን ሙያውን የተማርኩት ከእነሱ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከደሴ፣ ከወልዲያና ከኮምቦልቻ የመጡ ሦስት ደረሰኞች ፊቴ ላይ ነበሩ። ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ማኅተም፣ ድምሩም ትክክል። ሦስቱም ላይ ግን የ7 ቁጥር ወገቧ ላይ አጭር ሰረዝ አላት፤ ሰረዟም ወደ ላይ ታጋድላለች። የጻፋቸው አንድ እጅ ነው። ለአለቃዬ ሳሳየው ምንም አልተናገረም፤ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው። ያቺን ሰረዝ ያየሁት ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠር ደረሰኝ ስላገላበጥኩ ነው። ዛሬ እነዚያ ደረሰኞች በዝርዝር ተተይበው ለማሽን ቢሰጡ ቁጥሩ ይደርሰዋል እንጂ ሰረዟ አትደርሰውም።

ስለዚህ ከሁለት መቶ ቫውቸር ሃምሳውን በእጃችሁ መርምሩ፣ ከዚያ የቀረውን ለማሽኑ ስጡ፤ የእናንተንም ሃምሳ ጨምራችሁ ስጡትና ከእናንተ ጋር ይስማማ እንደሆነ እዩ። አለቃችሁ ጊዜ የለም ሊላችሁ ይችላል። አክብራችሁ ንገሩት፤ ጀማሪን የሚያሳድግ ሌላ መንገድ እስካሁን አላየሁም። ማሽኑ የተሳሳተባችሁንም በአንድ ደብተር መዝግቡ፤ ምን ጠየቃችሁ፣ ምን መለሰ፣ እውነቱ ምን ነበር። የእኔ ደብተር አሁን ሠላሳ ገጽ ያህል ሆኗል፤ ከሰበሰብኳቸው የምስክር ወረቀቶች ሁሉ ይልቅ ለወጣት ባልደረቦቼ የጠቀመው እሱ ነው።

በሆቴል አዳራሽ ለሚሰጥ ሥልጠና የምትከፍሉት ገንዘብ የሌላችሁ አትጨነቁ። በ2016 መጨረሻ በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ በኢንተርኔት መማር ይቻላል። ያም ቢሆን ትምህርቱን ስትከታተሉ የራሳችሁን ሥራ አጠገባችሁ አድርጉ።

የትኛውን ሥራ ይዘን እንሂድ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ያለፈውን ዓመት አንድ የባንክ ማስታረቂያ ውሰዱ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ስሞቹንና የሒሳብ ቁጥሮቹን አጥፉ፣ ያልተመነዘሩትን ቼኮች በእጃችሁ አውጥታችሁ መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጡ። የነሐሴንና የጳጉሜንን አንድ ላይ ብትወስዱ ይሻላል።