143 ኮፒ ምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። የአጫጭር ልቦለድ መድበሌን በራሴ ወጪ 1000 ኮፒ አሳትሜ ነበር። ማተሚያ ቤቱ በኮፒ 110 ብር አስከፈለኝ፤ ከዚህ ውስጥ 40,000 ብሩን የተበደርኩት ከታላቅ ወንድሜ ነው። የመጽሐፉ ዋጋ 250 ብር ሲሆን መደብሮች 30 በመቶ ይይዛሉ። በሰባት ወር የተሸጠው 143 ብቻ ነው፤ 96ቱን በእጄ፣ 47ቱን እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ያሉ የመጻሕፍት መደብሮች ሸጡ። ለመደብሮቹ የሰጠሁት 120፣ አዲስ አበባ ላለ አከፋፋይ 300፣ በስጦታ ደግሞ 24 ነው። ቀሪው አልጋ ሥር ተቀምጧል። እናቴ በደወለች ቁጥር «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። ወንድሜን ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ለመጻፍ ስቀመጥ 143 ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ዋጋውን ልቀንስ? ወይስ መጻፉን ልተወው?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እናቃና። 143ን ለ1000 ማካፈል አልነበረብዎትም። አልጋ ሥር ያሉትን 460 መጻሕፍት አንድም ገዢ አላያቸውም። አከፋፋዩ ዘንድ ያሉት 300 ይሸጡ አይሸጡ አልታወቀም። በእጅዎ ከሸጧቸው 96ቱ መካከልም በይሉኝታ የገዛ አይጠፋም፤ ስለዚህ ለኩራትም ለሐዘንም አይበቁም። የማያውቅዎ ሰው ዓይን የመግባት ዕድል ያገኙት መደብር የገቡት 120 ብቻ ናቸው። ከእነሱ 47 ወጥተዋል፤ ከመቶ 39 ገደማ ማለት ነው። ስምዎን ሰምቶ ለማያውቅ ገበያ ይህ የሚያሳፍር አይደለም።

ለመደብሮቹ ስልክ ደውለው «ተሸጠ ወይ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁሌም «አልተንቀሳቀሰም» ነው። ይሂዱና ራስዎ ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ መጽሐፉ እንደታሰረ ባንኮኒ ሥር ያገኙታል፤ ያልታየ ደግሞ አይሸጥም። ቀጭን መጽሐፍ በጀርባው ከተደረደረ ርዕሱ አይነበብምና ከኮፒዎቹ ሁለቱን ፊታቸውን አዙረው እንዲያስቀምጡልዎት ይጠይቁ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ላይ ግን አይሁን፤ የሐዋሳ ፀሐይ ሽፋን ያነጣል። ለአንድ መደብር 20 ከመጫን 5 ሰጥቶ ሲያልቅ መተካት ይሻላል። ሲያስረክቡ ቀን፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ የመደብሩ ድርሻና የመተሳሰቢያ ቀን የተጻፈበት መረከቢያ በሁለት ኮፒ ይፈራረሙ። አከፋፋዩንም እስካሁን የወጣውንና በእጁ ያለውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁ።

ቆጠራው በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይሁን። በመሃል ቁጥሩን አይንኩት። ለእናትዎም «የምቆጥረው ወር ሲሞላ ነው፣ እማዬ» ማለት ይበቃል፤ እርስዎ በየቀኑ ካልቆጠሩ እሳቸውም ይለምዱታል።

ዋጋውን አሁን አይቀንሱ። እስካሁን 96 በ250፣ 47 በ175 (መደብሩ 30 በመቶውን ከያዘ በኋላ) ሲታሰብ 32,225 ብር ገብቷል፤ ከ110,000ው የኅትመት ወጪ 77,775 ይቀራል። አሁን ባለው ዋጋ ይህን በመደብር ለመሸፈን 445 ኮፒ ይበቃዎታል። ወደ 200 ካወረዱት በኮፒ የሚደርስዎ 140 ብር ይሆንና 556 ያስፈልጋል። አልጋ ሥር ላለ መጽሐፍ የዋጋ ቅናሽ ምንም አይፈይድለትም።

በእኛ ግምት ሕመሙ የጠነከረው ግን በብድሩ ነው። እያንዳንዱ ያልተሸጠ ኮፒ የወንድምዎን ፊት ያስታውስዎታል። ስለዚህ ዕዳውን ከመጽሐፉ ያፋቱት። ከደመወዝዎ በወር 2,000 ብር ቢችሉ በ20 ወር ያልቃል፤ ካልቻሉም 1,000 ይሁን፣ ብቻ ቀኑ ይታወቅ። መንገድ ከመቀየር ይልቅ ሄደው «በየወሩ በ5 ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ይበሉት። የመጽሐፉ ገቢ ደግሞ በሌላ ደብተርና በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከአስቤዛ ብር ጋር ከተቀላቀለ ቀልጦ ይቀርና «ምንም አላገኘሁም» ያሰኛል።

«ልተወው?» ላሉት፣ 143 ስለ ታሪኮቹ የሚነግርዎ ነገር የለም። ታሪኮቹን ለመፈተን አንዱን በተራ ወረቀት ያትሙና ዘመድ ላልሆኑ አምስት አንባቢዎች ከእርሳስ ጋር ይስጡ። «ወደዳችሁት?» ካሉ «በጣም ቆንጆ ነው» ይባላሉ፤ ይልቅ ማንበብ ያቆሙበትን ወይም የተሰላቹበትን መስመር ምልክት እንዲያደርጉበት ይጠይቋቸው። ሦስቱ አንድ ገጽ ላይ ከቆሙ የሚታረመው እዚያ ጋ ነው። ምልክታቸው ተበታትኖ ከመጣ የየሰው ምርጫ ነውና ይለፉት። አዲሱን ጽሑፍ ግን የቆጠራው ቅዳሜ ዕለት አይጀምሩ፤ ያን ቀን ለደብተሩ ይተዉለት።

ካርቶኖቹንም ከሲሚንቶ ወለል ላይ ያንሷቸው። በጡብ ላይ ጣውላ ዘርግተው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀው ያስቀምጧቸው። እርጥበት ከታች ያሉትን ያጣብቃቸዋል፤ ምስጥ ከገባ ደግሞ የሚያስቆጥር ነገር አይተውም።