ድሪል ይዤ አላውቅም ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ መስቀል ትፈልጊያለሽ። ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ኮሞዲኖም አለሽ። ዳንቴል እንጂ ድሪል ይዤ አላውቅም ብለሻል። ወንድምሽ ደግሞ «አንቺ?» ብሎ ሳቀብሽ። ከየት ልጀምር፣ ምንስ ልግዛ ነው ጥያቄው።

ወደ ወንድምሽ ሳቅ በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

የመጀመሪያ መደርደሪያዬ ዕድሜው ዘጠኝ ቀን ነበር። ሌሊት ላይ ከነመጽሐፉ ወርዶ ተዘረገፈ። ቤቱ የተናደ መስሎኝ ከአልጋ ዘልዬ ተነሳሁ። ጠዋት ቀዳዳዎቹን ቀረብ ብዬ ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። ብሎኑ ጥሩ ነው፣ ፊሸሩም (ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ብሎኑን የምትይዘው ፕላስቲክ) ጥሩ ነው። ግን ፊሸሩ የገባው ልስኑ ውስጥ ብቻ ነበር። ልስን የግድግዳው ኮት ነው። እኔ ሰላሳ መጽሐፍ ኮት ላይ ሰቅዬ ነው ለካ የተኛሁት።

ስለዚህ ከመሣሪያ በፊት ግድግዳሽን እወቂው። በጣትሽ አንጓ አንኳኪው። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ውስጡ ባዶ ነው፤ ምናልባት ጂፕሰም ቦርድ ነው። ድምፁ ድፍን ከሆነና አንቺኑ ካሳመመሽ ጠንካራ ነው። ከዚያ መደርደሪያው በሚሸፍነው ቦታ ላይ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሺና ዱቄቱን እዪ። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የልስኑ ነው። ቀጥሎ ቀይ ከመጣ ሸክላ ጡብ ላይ ደርሰሻል። ግራጫ ከመጣ ኮንክሪት ወይም ብሎኬት ነው። ድሪሉ ትንሽ ሄዶ ድንገት ወደ ውስጥ ጥልቅ ካለብሽ የብሎኬቱ ባዶ ክፍል ነው። ለባዶ ግድግዳ ከኋላ የሚቋጠር ወይም ክንፉን የሚዘረጋ ፊሸር ለብቻው አለ። ተራው እዚያ አይሠራም።

(በነገራችን ላይ «ፊሸር» የሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣት ፕላስቲክ ናት። ይህቺን ሳውቅ ወንድ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ የሚያውቃት ነገር አለመሆኗ ደስ አለኝ።)

ፊሸር የሚይዘው በመለጠጥ ነው። ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ያብጣል፣ የቀዳዳውን ግድግዳ ጨምቆ ይይዛል። ቀዳዳው ከሰፋ የሚጨምቀው ነገር የለም። ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ 6 በ6። ጥልቀቱ ከፊሸሩ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ዱቄት ከታች ይጠራቀማልና። መብሻው ላይ በልኩ ፕላስተር ጠቅልይበት። ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ ታቆሚያለሽ። ከዚያ ዱቄቱን አውጪ። እፍ አትበዪው ግን፤ ዓይንሽ ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ ብያለሁ፣ አይቻለሁ።

ድሪሉን መዶሻ ምልክቷ ላይ (እየመታ የሚበሳበት) አድርገሽ ወዲያው አትጀምሪ። መጀመሪያ ያለ መዶሻ፣ ቀስ ብለሽ፣ መብሻው ማረፊያ እስኪያገኝ። አለበለዚያ ይንሸራተትና ቀለሙን ይጭረዋል። ማረፊያ ካገኘ በኋላ መዶሻውን ክፈቺ። ጉልበት እዚህ ላይ ብዙ ቦታ የለውም። ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊ፣ በክንድሽ ሳይሆን በሰውነትሽ ክብደት ትንሽ ተደገፊ። አልገባ ካለ መብሻው ደንዟል፣ ወይም የእንጨት መብሻ ነው የያዝሽው፣ ወይም ብረት አግኝቷል። ብረት ከሆነ ቦታ ቀይሪ። ከሶኬትና ከማብሪያ ቀጥታ በላይ፣ በታች ወይም በጎን አትብሺ፤ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዚያ መስመር ነው።

ፀጉርሽን እሰሪ። ሻርፕ አውልቂ። የዓይን መነጽር አድርጊ። ጓንት ግን ድሪል ስትይዢ አታድርጊ። የሚሽከረከር ነገር ጓንቱን ከያዘው ጣትሽን አብሮ ይጠቀልላል። ብዙ ሰው የዚህን ተቃራኒ ነው የሚያስበው።

አሁን ዳንቴልሽን ላንሳ፤ በጨረፍታ ነው ያለፍሻት፣ እኔ ግን ትልቅ ነገር ነው የምለው። ዳንቴል የምትሠራ ሴት አንድ ቀለበት ስትስት ዐሥር ዙር ወርዳ እንደሚያስፈታት ታውቃለች። መደርደሪያም ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ከሳተች ጣውላው ያዘነብላል፣ እርሳስ አስቀምጠሽበት ይንከባለላል። ስለዚህ አንዷን ብቻ ብሺ፣ በላላ ብሎን ስቀይው፣ ውሃ ልክ አድርጊበት፣ ሁለተኛዋን ያኔ ምልክት አድርጊ። እኔ ከልብስ ስፌት ነው የመጣሁት። መለካት፣ መቁረጥ፣ ቁራጭ ላይ መሞከር፣ መፍታት አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ ጩኸቱ ብቻ ነበር።

ምን ልግዛ ላልሽው፦ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ መዶሻ፣ ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የእንግሊዝ ቁልፍ። ለጊዜው በቃ። ድሪል አትግዢ፤ ተዋሺ። ሦስተኛ ሥራሽ ላይ ስትደርሺ የምትፈልጊውን ራስሽ ታውቂያለሽ። ያኔም ሳትይዢው አትግዢ። ክንድሽን ዘርግተሽ ለግማሽ ደቂቃ ያዢው። ጣትሽ ቃታው ላይ በደንብ ይደርሳል? ባለ 12 ቮልት ባትሪው ቀለል ይላል፣ ዕቃ ለመገጣጠም ይበቃል። ለኮንክሪት ግን መዶሻ ያለው ያስፈልግሻል። ለሴቶች ተብለው ሮዝ ቀለም የተቀቡትን ስብስቦች እለፊያቸው። የኔዋ ሮዝ ካቻቪቴ በሁለተኛው ብሎን ጫፏ ተጣመመ።

ወደ ኮሞዲኖሽ። እዚህ ላይ ልብ በይ፣ ብዙ ሴት የምትናደደው ግድግዳ ላይ አይደለም፣ እዚህ ነው። ቀለሙን ገዝታ፣ በደስታ ቀብታ፣ ደርቆ አምሮ፣ በሳምንቱ በጥፍር ሲላጥ ታገኘዋለች። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ ሌላ ቀለም እንዲሁ አይይዝም። የእጅ ቅባት ያለበት ላይማ ጭራሽ።

በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ። መሳቢያዎቹን አውጪ፣ እጀታዎቹን ፍቺ። ብሎኖቹን ትንሽ ዕቃ ውስጥ ክተቺ፤ ኪስሽ ውስጥ አይደለም። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። 120 ቁጥር መጀመሪያ፣ 220 ቀጥሎ፣ ሁሌም በእንጨቱ መስመር። እንጨቱ እስኪራቆት ድረስ አትፈጊ፤ አብረቅራቂነቱ ሞቶ ደብዘዝ ካለ ይበቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ ከሥር የሚቀባው) አንድ ዙር። ቀለሙን ሁለት ስስ ዙር፣ አንድ ወፍራም አይደለም። ወፍራሙ ከላይ ይደርቅና ከሥር ለስላሳ ይቀራል፣ ዕቃ ስታስቀምጪበት ይጣበቃል።

አንድ ከባድ ነገር። ኮሞዲኖው በጣም የቆየ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። የእርሳስ ዱቄት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር በጣም አደገኛ ነው፤ አደጋ የለውም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ከተጠራጠርሽ በደረቁ አትፈጊው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ እኔ ብሆን ኮሞዲኖውን ሳልነካ እተወዋለሁ። ሌላው፣ በተልባ ዘይት እንጨት የሚያሹ ሰዎች ጨርቁን ጨብጠው አይጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተሽ ውጪ አድርቂው።

የማልነካቸው ነገሮችም አሉ። የኤሌክትሪክ ብሬከር ሳጥን፣ የጋዝ መስመር፣ ጣሪያ የተሸከመ ግድግዳ። እዚያ ባለሙያ እጠራለሁ፣ አላፍርም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግን ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ፈልጊ፤ ቧንቧው ከመበላሸቱ በፊት፣ ዛሬውኑ። ስትፈቺ በየደረጃው ፎቶ አንሺ። የመታጠቢያውን ጉድጓድ በጨርቅ ድፈኚ፣ ብሎን ወድቆ እንዳይሄድብሽ። አሮጌዋን ጎማ ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፤ «እንዲህ የመሰለች» እያልሽ በእጅሽ ከምታሳዪ ይሻላል።

ወንድምሽ። እኔ ጋ ሳቅ አልነበረም፣ የባሰው ነበር። ድሪሉን አንስቼ ገና ሳልጀምር «አምጪው፣ እኔ ልሥራልሽ» ይመጣል። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከእጄ የተነጠቀ ሥራ ሁሉ እንደገና የማልችለው ሥራ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ቤት ሊያድስ የመጣ ሠራተኛ ስለ ሴራሚኩ ስጠይቀው «ባለቤትሽ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለኝ። የምከፍለው እኔ ነኝ! ከዚያ ወዲህ መጣላት ትቼ ሥራ መስጠት ጀመርኩ። «መሰላሉን ያዝልኝ» እላለሁ። መሰላል የያዘ ሰው ሁለት እጁ ሥራ አለው። ያንቺም ወንድም ድሪል ካለው ድሪሉን ተዋሺው፣ እሱን ደግሞ መሰላሉ ሥር አቁሚው።

ለማንኛውም መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኪው። ድምፁ እንዴት እንደሆነ፣ ዱቄቱ ምን ቀለም እንደወጣ፣ ጣውላው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ። ስንት ቁጥር ፊሸር እንደሚያስፈልግሽ ያኔ እነግርሻለሁ። መጽሐፎቹ ብዙ ከሆኑ ክብደታቸውንም ጨምሪ፤ መጽሐፍ ሲታይ ቀላል ይመስላል።