የጉምሩኩን ጠረጴዛ ያዢ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኢኮኖሚክስ ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ልዩ ኢኮኖሚ ዞን (መንግሥት ባለሀብት ለመሳብ ማበረታቻ የሚሰጥበት የተከለለ ቦታ) ውስጥ መሥራት ህልሜ ነው። የግብር እፎይታውን፣ ከቀረጥ ነጻ መብቱን፣ የሊዝ ቅናሹን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ። አሁን ሁለት ሥራ አግኝቻለሁ። አንዱ ለባለሀብቶች የማበረታቻ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ አማካሪ ድርጅት ነው፤ ደመወዙ ደህና ነው። ሌላው ዞን ውስጥ፣ የአንድ ማዕከል አገልግሎቱ ላይ፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚከታተል ጀማሪ ባለሙያ ነው። ክፍያው ያንሳል፤ ሥራውም ወረቀት ማመላለስ ይመስላል። የቱን ልያዝ? ጓደኛዬ ደግሞ «የ15 በመቶው ዓለም አቀፍ ታክስ ስለመጣ ዞን የሚባል ነገር አብቅቶለታል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ከስምንት ወር ፍለጋ በኋላ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የጉምሩኩን ያዢ። የቤተሰብ ኃላፊነት ካለብሽና የደመወዙ ልዩነት የሚያስቸግርሽ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ አማካሪ ድርጅቱ ገብተሽ በዓመት ተኩል ውስጥ ወደ ዞን ለመሻገር እቅድ እናወጣለን። ምርጫው በእጅሽ ከሆነ ግን አታመንቺ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። ማበረታቻዎቹን በቃልሽ መያዝሽ ጥሩ ነው። ዞንን ዞን የሚያደርገው ግን ዝርዝሩ ብቻ አይደለም። የአየርላንዱን ሻነን ተመልከቺ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሻነን አትላንቲክን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚሞሉበት ጣቢያ ነበር። ጄት ሲመጣ ሳይቆሙ ማለፍ ቻሉ፤ አካባቢው ሥራ አጥ ሊሆን ነው። በ1959 ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ነጻ ቀጠና ተከፈተ። የግብር ጥቅም ነበረው፤ ነገር ግን የተነሱት እጃቸው ላይ ካለው ማኮብኮቢያና መፍትሔ ከሚፈልገው የአካባቢው ችግር ነው።

ቻይና ደግሞ በ1980 አራት ልዩ ዞኖች አቋቋመች፦ ሼንዘን፣ ዡሃይ፣ ሻንቱና ሺያመን። ማበረታቻቸው ተቀራራቢ ነበር። ዛሬ ሼንዘንን ከሻንቱ ጋር የሚያወዳድር የለም። ሼንዘን ወንዝ ተሻግሮ ሆንግ ኮንግ አለላት፤ ወደቡ፣ ገንዘቡ፣ ገዢ የሚያውቅ ነጋዴው። የሁለቱ ከተሞች የማበረታቻ ዝርዝር ብቻ ቢሰጥሽ ይህን ልዩነት ልትገምቺ አትችዪም።

በ2019 የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ባወጣው ሪፖርት በ147 ኢኮኖሚዎች ወደ 5,400 የሚጠጉ ዞኖች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያቀርቡት። ሁሉም እፎይታ ከሰጠ እፎይታ ብቻውን ባለሀብት አያመጣም።

አሁን ኤክሴል ክፈቺና አብረን እንሥራ። ይህን ክፍል ሳትዘዪ አንብቢው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይጠቅምሻል። የአገሩ የትርፍ ግብር 25 በመቶ ነው እንበል። ዞኑ ማምረት ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የአምስት ዓመት የግብር እፎይታ ይሰጣል። አንድ ልብስ ሰፊ ፋብሪካ 5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አያተርፍም፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በዓመት 1 ሚሊዮን ያተርፋል። ስለዚህ በአራት ዓመት 1 ሚሊዮን ግብር ይቀርለታል። ያ የካፒታሉ 20 በመቶ ነው።

ሌላው የኬሚካል ፋብሪካ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር ያፈስሳል። አራት ዓመት ይከስራል፤ በአምስተኛው ገና 2 ሚሊዮን ያተርፋል። እፎይታው ያተረፈለት ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ነው። ከካፒታሉ ግማሽ በመቶ! የእፎይታ ዘመን ኪሳራን ማሸጋገር፣ ማለትም ከሚቀጥሉት ዓመታት ትርፍ ላይ መቀነስ፣ ካልተፈቀደ ደግሞ የባሰ ይጎዳል።

አየሽው? በማሽን ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው፣ ነቅሎ መሄድ የማይችለው፣ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። ቶሎ የሚያተርፈውና ቶሎ የሚሄደው ተጠቀመ። አሁን እፎይታውን ትተሽ ከካፒታሉ 10 በመቶውን ከግብር ላይ የሚቀንስ ማበረታቻ አስገቢ። ልብስ ሰፊው 0.5 ሚሊዮን ያገኛል፤ ኬሚካሉ 10 ሚሊዮን። «የግብር ማበረታቻ» በሚለው አንድ ስም ስር ሁለት የተለያዩ ፖሊሲዎች አሉ። ይህን ለባለሀብትም ለመንግሥትም በቁጥር ማሳየት የሚችል ሰው የትም ይፈለጋል።

ታዲያ የአማካሪ ድርጅቱ ሥራ ይህን አያስተምርሽም ወይ? ያስተምርሻል፣ በከፊል። ግን እዚያ የምታዪው ባለሀብቱ ከመግባቱ በፊት ያለውን ወረቀት ነው። እቅዱ ላይ ሁሉም ፋብሪካ ያተርፋል። ከገባ በኋላ የሚሆነውን የምታዪው ጉምሩኩ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ሁኔታ አስቢ። ፋብሪካው ጨርቅ ከውጭ አስመጥቷል። ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ ላይ የዕቃውን ኮድ በአንድ አኃዝ ያሳስታል። ኮንቴይነሩ ይቆማል። ለመርከቡ የታሰበው ቀን ያልፋል። ገዢው ቀን አይጨምርም፤ ስለዚህ ሸሚዙ በአውሮፕላን ይላካል። በዚያ አንድ ጭነት የወጣው ተጨማሪ ወጪ በእፎይታ የተገኘውን ጥቅም ሊበላው ይችላል። ባለሀብቱ በሚቀጥለው ሰው «ዞኑ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያወራው የዚያን ሳምንት ነገር ነው።

ደግሞ ያ ጠረጴዛ ወረቀት ማመላለሻ ብቻ አይደለም። ከቀረጥ ነጻ የገባ ጥሬ ዕቃ ሂሳቡ መዘጋት አለበት። ስንት ሜትር ጨርቅ ገባ? ስንት ሸሚዝ ወጣ? ስንቱ ተረፈ ምርት ሆነ? ከዞን ወጥቶ አገር ውስጥ ከተሸጠስ ቀረጡ እንዴት ይሰላል? ይህን ለስድስት ወር የሠራ ሰው የፋብሪካውን ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ባልተናነሰ ያውቃል። ከዚህ በፊት የመከርኳት አንዲት ልጅ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ እያለቀሰች ነበር የገባችው። በሁለተኛው ዓመቷ ሦስት ፋብሪካዎች «ነይ የኛ ሁኚ» ብለዋታል።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ግማሽ ልክ ነው። የ15 በመቶው ዝቅተኛ ታክስ የሚመለከተው ዓመታዊ የቡድን ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆኑ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን ነው። መካከለኛው ልብስ ሰፊ ውስጡ የለም። ለትልልቆቹ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ዞኑ ዜሮ ቢያስከፍል ልዩነቱን የእናት ኩባንያው አገር ሊሰበስበው ይችላል። ስጦታው ለባለሀብቱ ሳይደርስ የሌላ አገር ግምጃ ቤት ገባ ማለት ነው። ለዚህም ነው ቬትናም በ2024፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2025 ልዩነቱን ራሳቸው መሰብሰብ የጀመሩት። ደንቡ ለደመወዝና ለሚጨበጥ ንብረት ቅናሽ ስላለው ብዙ ሠራተኛና ማሽን ያለው እውነተኛ ፋብሪካ ጫናው ይቀንስለታል። ዞን አላበቃለትም። በዜሮ ግብር ብቻ ሲወዳደር የነበረው ዞን ነው የሚጨነቀው፤ በፍጥነትና በአገልግሎት የሚወዳደረው ግን ተፈላጊነቱ ጨምሯል። ይህ ደግሞ ያንቺን ጠረጴዛ ይጠቅማል።

ሁለት ነገር ጨምረሽ አንብቢ። አንደኛው የዓለም ንግድ ድርጅት የድጎማ ስምምነት ነው። «ወደ ውጭ ከላክህ ትጠቀማለህ» የሚል ማበረታቻ፣ ድሃ ለሆኑ አገሮች ካለው ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ የተከለከለ ድጎማ ነው። በ2019 በህንድ ላይ የተሰጠው የድርጅቱ ዳኞች ውሳኔ ውስጥ የዞኖቿ ማበረታቻም አለበት። ሁለተኛው ፖላንድ ናት። በ1995 ሚየሌትስ ላይ የመጀመሪያውን ዞን ከፈተች። በ2018 ማበረታቻውን በመላ አገሪቱ አደረገችው፤ መጠኑ ግን አካባቢው ባላደገ ቁጥር ይጨምራል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ትልቅ ኩባንያ ለአካባቢ የተሰጠ ድጋፍ ከወሰደ ኢንቨስትመንቱን እዚያው ቢያንስ አምስት ዓመት ማቆየት አለበት። ትንንሾቹና መካከለኞቹ ሦስት ዓመት። ማበረታቻን ከግዴታ ጋር ማሰር እንደሚቻል ከዚህ ትማሪያለሽ።

ቅጥሩን ከመፈረምሽ በፊት ኃላፊውን ሦስት ነገር ጠይቂ። አንድ ኮንቴይነር ወደብ ከደረሰ ፋብሪካ በር እስኪደርስ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? ባለፈው ዓመት ስንት ባለሀብት ማስፋፊያ ጠየቀ፣ ስንቱስ ወጣ? የጥሬ ዕቃ ሂሳብ መዝጊያውን እኔ ራሴ እሠራለሁ ወይስ ሌላ ሰው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ያለው መልስ ከሰጡሽ ደህና ቤት ነው። ለሦስተኛው «አንቺ ትሠሪያለሽ» ካሉሽ እዚያው ፈርሚ። «አይ፣ አንቺ ፋይል ብቻ ነው የምታደርሺው» ካሉሽ ግን ሳትፈርሚ ጻፊልኝ፤ የአማካሪ ድርጅቱን ቅጥር እንደገና እናየዋለን።