ምርቃቱን ሦስቴ አስደገሟቸው

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። ማታ ማታ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የእርዳታ ቪዲዮ እያየሁ አለቅሳለሁ፤ በቴሌብር የአቅሜን እልካለሁ። ግን በጉልበቴም ማገዝ አማረኝ። ለፋሲካ የምከታተለው አንድ ቻናል «በጎ ፈቃደኞች አብራችሁን ኑ» ሲል ተመዘገብኩ።

የሄድነው አልጋ ላይ የዋሉ እናት ቤት ነው። ዱቄቱና ዘይቱ ከተቀመጠ በኋላ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «እማማ፣ ድምፅ አልገባም፤ እንደገና ይመርቁን» አላቸው። መረቁ። ሦስተኛም አስደገማቸው። እኔ የቡድኑን ቲሸርት ለብሼ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ቪዲዮውም ላይ አለሁ። እሳቸውን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን ጥሪ ሁሉ እርግፍ አድርጌ ልተወው?

እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣

አትተዪው። ያንን ቻናል ግን ተዪው። አልጋ ላይ ያለ ሰው ዘይት ይዞ የመጣን እንግዳ «አትቅረጸኝ» የሚልበት አቅም የለውም፤ ያቃጠለሽም ይኸው ነው።

በቪዲዮ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተውን የመርጃ ማዕከል፣ መቄዶንያን፣ ስንቱ ሰው በስክሪን ነው ያወቀው! በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ብዙዎቻችን ተከታትለናል። እዚያ ግን ቪዲዮው ሲያልቅም ሥራው አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በየቀኑ መታጠብ፣ መመገብ፣ ልብስ መቀየር አለባቸው። መሪ ቃላቸው «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ሄደሽ ጠይቂያቸው። የሂሳብ ሰው መሆንሽንም ንገሪያቸው፤ በእርዳታ የሚኖር ቤት ገቢና ወጪ የሚመዘግብ እጅ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ሌላ ቻናል ሲጠራሽ ከመመዝገብሽ በፊት፣ ካሜራ በሌለበት ቀን መቼ እንደሚሄዱ ጠይቂ። ቀን ቆርጠው ካልነገሩሽ ቅሪ። ገንዘቡ በግለሰብ ስም የሚገባ ከሆነም ቅሪ።

ማታ ቤትሽ ሆነሽ የሚሠራም አለ። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ «ቢ ማይ አይስ» የሚባል የዴንማርኮች መተግበሪያ አለ፤ ዐይነ ስውሩ በቪዲዮ ይደውላል፣ በጎ ፈቃደኛው የመድኃኒቱን ጽሑፍ ወይም የልብሱን ቀለም አይቶ ይነግረዋል። ጥሪው በሁለታችሁ መካከል ነው፤ ተመልካች የለበትም። እኔ ይኼን በጣም እወደዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን እማማ ቤት ተመለሺ። ቤቱን ታውቂዋለሽ። ቲሸርቱን አትልበሺ፣ ስልክሽንም ከቦርሳሽ አታውጪ። ቡና ቋጥረሽ ሂጂ፤ አፍይላቸው፣ የሚታጠብ ልብስ ካለ እጠቢላቸው። ሲረጋጉ ቪዲዮው መለቀቁን ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ይነሳልኝ ካሉ ለቻናሉ ባለቤት አንቺው ደውዪለት። እምቢ ካለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ።