በእርግዝና ወቅት በጥናት መሳተፍ፦ የሁለት አንባቢዎች ጥያቄ

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ክትትል በማደርግበት ጤና ተቋም፣ ለእናትየዋ ተሰጥቶ አራሱን ልጅ ከሳንባ ሕመም ይከላከላል በተባለ ክትባት ጥናት ላይ እንድሳተፍ ተጠይቄአለሁ። እናቴ «በማኅፀንሽ ባለ ልጅ ላይ እንዴት ሙከራ ይደረጋል?» ብላ ተቆጣች። ጥናቱ ነፍሰ ጡር ባልሆኑ ሰዎች ላይ ብቻ ቢካሄድ አይበቃም?

መልስ፦ የእናትዎ ስጋት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው በሚገባ ሳያድግ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል። ይሁን እንጂ ያ ጉዳት የደረሰው መድኃኒቱ በፅንስ ላይ የሚያስከትለው ነገር በቅጡ ሳይጠና ለሽያጭ በመቅረቡ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ነፍሰ ጡሮችን ከጥናት ማግለል እንደ ጥበቃ ሲቆጠር መኖሩ በእኔ እምነት ከባድ ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡር ሴት ወባም ሆነ ሌላ ተላላፊ በሽታ ሲይዛት መድኃኒት መውሰዷ አይቀርም፣ የምትወስደው መጠን ግን ደሟ ባልበዛና ኩላሊቷ ሥራውን ባልጨመረ ሌላ ሰው ላይ የተለካ ነው፤ ያጋጠማትንም ነገር የሚመዘግብላት የለም።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉተግራቪርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና የተገኘ የመጀመሪያ መረጃ መድኃኒቱ የፅንሱን አንጎልና ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ሊያውክ ይችላል የሚል ስጋት ፈጠረ፤ በዚህም ሳቢያ በአንዳንድ አገሮች ልጅ ሊወልዱ የሚችሉ ሴቶች ከዚህ ጥሩ መድኃኒት እንዲርቁ ተደረገ። የወሊድ ምዝገባው ሳይቋረጥ ቀጥሎ መረጃው ሲበዛ ግን ስጋቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከሌሎቹ መድኃኒቶች የተለየ አደጋ እንደሌለው ታወቀ። ቀድሞ የተደራጀ ጥናት ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሴቶች ያን ያህል ባልጠበቁ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው፣ ዚዶቩዲን በተባለ ሌላ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ የተደረገው ጥናት ነፍሰ ጡሮች ራሳቸው የተሳተፉበት ሲሆን፣ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መጠን ከ100 ከ25 በላይ ከነበረበት ወደ 8 ገደማ አውርዶታል።

በሰባተኛው ወር የተጠየቁበትም ምክንያት አለው። በሽታ የሚከላከሉ አንቲቦዲዎች በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ በብዛት የሚያልፉት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እናትን በመከተብ አራስን ከመንጋጋ ቆልፍ መጠበቅ የተቻለው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ አር ኤስ ቪ ለተባለው የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ የተሠራ የነፍሰ ጡሮች ክትባትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለአገልግሎት ተፈቅዷል።

ይሳተፉ ወይም ይቅሩ ብዬ አልወስንልዎትም። ከመፈረምዎ በፊት ግን ክትባቱ ቀደም ሲል በእነማን ላይ እንደተሞከረና ምን እንደተገኘ፣ ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንደፈቀደው፣ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ልጁም ከተወለደ በኋላ እስከ መቼ ክትትል እንደሚደረግለት ይጠይቁ። እምቢ ቢሉ ወይም መሐል ላይ ቢያቋርጡ የተለመደው ሕክምናዎ ሊጓደል አይገባም። እናትዎን ይዘው ቢሄዱና ጥያቄያቸውን ራሳቸው ቢያቀርቡ ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለአንድ ጥናት መረጃ እንድሰበስብ ተመድቤአለሁ፤ የተሰጠን ሥልጠና ግን ቅጽ ስለመሙላት ብቻ ነው። ሌላ ምን መማር አለብኝ?

መልስ፦ ቅር መሰኘትዎ ትክክል ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳት በጠናባቸውና የደም ዝውውራቸው በታወከ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውን ጥናት ያስታውሱ። በደም ሥር በፍጥነት ፈሳሽ መስጠት ሕይወት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ግን ፈሳሹ ከተሰጣቸው ከ100ው ከ10 በላይ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7 ገደማ ሞቱ። (በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ሕፃናት በዚህ ጥናት አልተካተቱም።) የሆስፒታሎቹ ባለሙያዎች በድንገተኛ ሕክምና ላይ ሠልጥነው ስለነበር በሁለቱም ወገን ያሉት ሕፃናት በቅርብ ይታዩ ነበር፤ ውጤቱ የታመነውም ከዚህ የተነሣ ጭምር ይመስለኛል።

ስለዚህ በመለካት ላይ ልምምድ እንዲሰጧችሁ አሠልጣኞቹን ጠይቁ። የሕፃን ትንፋሽ ጸጥ ባለበት ጊዜ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቆጠር አለበት፤ ከሁለት ወር በታች 60፣ እስከ አንድ ዓመት 50፣ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40 ከደረሰ ፈጣን ይባላልና፣ ጥቂት መሳሳት ሕፃኑን ከሕመምተኛ ወደ ጤነኛ መዝገብ ያዛውረዋል። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚወሰድ ደም፣ ሕክምናውን የማያዘገይ እስከሆነ ድረስ፣ ፀረ ባክቴሪያ ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ። ወላጅን ማስፈቀድም ራሱን የቻለ ሥልጠና ይፈልጋል፤ እናትየዋ የተነገራትን በራሷ አነጋገር መልሳ እስክታስረዳዎት ድረስ አያስፈርሟት።